ከብቶቹ የጋጡት ሜዳ

የጦር ሜዳ ትዝታውን የሚያወጋ ሰው ብዙውን ጊዜ ከኮረብታ ይጀምራል። ኮረብታው ስም ወይም ቁጥር አለው፤ ስሙ ሲጠራ አድማጭ ጸጥ ይላል። እኔ የተዋጋሁበት የጋምቤላ ቆላ ግን ኮረብታ የለውም። ዓይን እስኪደክም ድረስ ሣር ነው፤ ከሣሩ በላይ ብቅ ያለ ነገር ካያችሁ ወይ ዛፍ ነው ወይ ምስጥ የሠራው ኩይሳ ነው። ስለዚህ እናንተ ልጆች፣ ኮረብታውን ስትጠብቁ እንዳትቆዩ አስቀድሜ ልንገራችሁ። የእኔ ታሪክ ስለ አንድ የሣር ሜዳ ነው።

ትዕዛዙ የደረሰን ፑኝዶ ሳለን፣ የዝናቡ ወቅት ሊያበቃ ሲል ነው። ከተማዋን ለቀን ወደ ድንበሩ እንድንጠጋ፣ እዚያ ያለችውን ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ይዘን እንድንጠብቅ ተባልን። ማረፊያ ስላችሁ አስፋልትና ሕንፃ እንዳይመጣባችሁ። ረጅም ቀጭን ሜዳ፣ ዳር ዳሩ ላይ ነጭ ቀለም የተቀቡ ድንጋዮች፣ እንጨት ላይ የታሰረ የነፋስ ማሳያ ጨርቅ፤ ይኸው ነው። መንገዱን ውኃ ሲውጠው መድኃኒት የሚገባውም በሽተኛ የሚወጣውም በዚያች ብቻ ነበር።

በወረቀት አንድ መቶ ነበርን። ወባ የጣለውን ስትቀንሱ ግን ሁለት ጓድ ብንሞላ ነው። አዛዣችን መቶ አለቃ ጌታሁን ከትምህርት ቤት ከወጣ ብዙም ያልቆየ ከተሜ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። እኔም የከተማ ልጅ ነኝ፤ በዚያን ጊዜ ሃምሳ አለቃ ነበርኩ። የጤና ባለሙያችን አሥር አለቃ ጽጌ ነበረች፣ ሳትጮህ የምታዝዝ ሴት። መንገድ የሚመራን ኡጁሉ የሚባል የአካባቢው ሚሊሺያ ነበር። አኙዋክ ነው፤ በቆሎውንና ዓሣውን ያውቃል፣ ከከብት ጋር ግን ብዙ ነገር የለውም።

ከብት የሚያውቀው ሰይድ ነበር። ወላጆቹ በዚያ በክፉው ድርቅ ዘመን ከወሎ በሰፈራ መጥተው አቦቦ የቀሩ ገበሬዎች ናቸው። እሱ እዚያው ተወልዶ፣ ከአባቱ በሬ ኋላ ኋላ እያለ ነው ያደገው። አፉ አያርፍም። ጭቃ ውስጥ ስንንቦራጨቅ ባየን ቁጥር ይስቅብናል። «እናንተ ጭቃ የምታውቁት በጫማችሁ ነው፤ እኛ በጉልበታችን ነው የምናውቀው» ይለን ነበር። ምሽግ ስንቆፍር ደክሞት እንኳ ወሬው አይቋረጥም። እኔ ወሬኛ አልወድም፤ ሰይድን ግን እወደው ነበር።

ከማረፊያው ማዶ የኑዌር ከብት አርቢዎች መንደር አለ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ከዚያ በኩል ተኩስ ሰማን። ድንበር ተሻግረው የሚመጡ ከብት ዘራፊዎች ነበሩ። ትጥቃችንን ይዘን ሮጥን። ስንደርስ ጎጆዎቹ ይነድዳሉ፣ ሰዎቹ ሄደዋል። በየደጁ የወደቁትን አለፍናቸው። አንዲት ወጣት ሴት ትከሻዋን በጥይት ተመትታ ተቀምጣ አየን። ኛዳክ ትባላለች። ደሟን አትይዝም፤ በደህናው እጇ ደጋግማ ጀርባዋን ትዳብሳለች። ያዘለችውን ሕፃን ከጀርባዋ ፈትተው ነው የወሰዱት። የሌሎችንም ልጆች ወስደዋል።

የባሏ አባት ጋትሉዋክ የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። ጦራቸውን እንደያዙ ወደ ምዕራብ አመለከቱን። አማርኛቸው ጥቂት ነው።

«ከብት ወሰደ። ልጅ ወሰደ። ቶሎ።»

ዱካው ግልጽ ነበር፤ ብዙ ከብት የሄደበትን ሣር ዕውርም አይስተውም። እስከ እኩለ ቀን በሣርና በውኃ ውስጥ ተከተልናቸው። የድንበሩ ወንዝ ከሚታጠፍበት ላይ ደረስንባቸው። ከኩይሳዎቹ ጀርባ መትረየስ ከፈቱብን። ተኛን። ሁለት ጓዶቻችን ሳይተኙ ተመትተው ወደቁ። መቶ አለቃው «በግራ!» አለ፤ በግራ ዞርን። ተኩሱ ብዙ አልቆየም። ኡጁሉ ጭኑን ተመታ። ሰይድ ተነሥቶ ሁለት ርምጃ ሄደና ሆዱን ይዞ ቁጢጥ አለ። «ሃምሳ አለቃ፣ እኔን ነው እንዴ?» አለኝ፣ ሌላ ሰው የተመታ ይመስል።

ዘራፊዎቹ ከብቶቹን ጥለው ወንዙን ተሻገሩ። ልጆቹን አልጣሉም። ከብት ይዘገያል፣ ይጮኻል፣ ዱካ ይተዋል። ሕፃን ግን ትከሻ ላይ ይወጣል። ወንዙን እንዳንሻገር ከበላይ ታዘን ነበርና ቆምን። ከማዶ የሕፃን ለቅሶ ይሰማን ነበር። ከዚያ መሰማቱን አቆመ።

ሁለቱን ሬሳዎችና ሁለቱን ቁስለኞች በቃሬዛ ተሸክመን፣ ከብቶቹን እየነዳን ማምሻውን ተመለስን። ጋትሉዋክ መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁን። ከብቶቹ በፊታቸው ሲያልፉ እያንዳንዱን አዩ። ከብቶቹ አልፈው ካለቁ በኋላም መንገዱን ማየት አልተዉም።

ጽጌ የሰይድን ሆድ አየች። እኔንና መቶ አለቃውን ወደ ዳር ጠራችን።

«አንጀቱ ተበስቷል። እዚህ የማደርግለት የለኝም። ጋምቤላ ደርሶ ኦፕራሲዮን ከሆነ ይድናል፤ ከነገ ካለፈ ግን ተስፋ የለውም።»

ከእርሷ አፍ «ይድናል» የሚል ቃል ሰምተን አናውቅም ነበር። መቶ አለቃው ሬዲዮ ላይ ተቀመጠ። መልስ መጣ፤ ለእርዳታ ሥራ ጋምቤላ ያለች አንዲት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ነገ ከቀትር በፊት ልትመጣ ትችላለች። አብራሪው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ሣሩ ከጉልበት በታች ይሁን። ጉልበት! ሜዳው ላይ አውሮፕላን ካረፈ ብዙ ሳምንት ሆኖት ነበር፤ ሣሩ ከራሳችን በላይ ሆኗል።

ያሉን ገጀራዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በሳንጃም፣ በእጅም ጀመርን። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የጨረስነውን ዘወር ብለን ብናየው፣ ሰካራም የላጨው ጭንቅላት ይመስላል። ደርቆ ቢሆን እሳት እንለቅበት ነበር፤ እርጥብ ሣር አይነድም። መቶ አለቃው ኩይሳ ላይ ተቀምጦ ራሱን ያዘ። አንድ ሰው ሊሞትብን ነው፤ የሚገድለው ደግሞ ሣር ነው።

ያን ጊዜ ሰይድ ከቃሬዛው ላይ ሳቀ። መሳቅ ያመው ነበር፤ ግን ሳቀ።

«ይኼ ሁሉ ከብት ቆሞላችሁ እናንተ በሳንጃ ታጭዳላችሁ? ወላሂ ጉድ ናችሁ! ልቀቁበታ! ተርበው ነው የዋሉት። እስከ ጠዋት ሙልጭ ያደርጉላችኋል።»

እርስ በርሳችን ተያየን። መቶ አለቃው ብድግ አለ። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት ይኼን ነው» አለ። ሽማግሌውን ጠየቅናቸው፤ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። መንደራቸው ተቃጥሎ ከብታቸውን የት ያሳድሩ? የእኛ ምሽግ ሜዳውን ከብቦ ነው ያለው፤ ዘራፊዎቹ ቢመለሱ እንኳ ከብቶቹ መሀል ላይ ናቸው። ነገሩ በሁሉም በኩል ልክ ነበር። ረጃጅሙን አገዳ በገጀራ እየጣልን፣ ከብቶቹ ከኋላችን እየተከተሉ ይግጡ ጀመር። መሬቱ በዚያ ሰዓት ደረቅ ነበር፤ ዝናብ ከቆመ ሰንብቶ ላዩ ተሰንጣጥቋል። ሰይድ ከብቶቹ ሲያላምጡ እያዳመጠ እንቅልፍ ወሰደው። ከዚያ ትኩሳቱ ወጣበትና መቀባዠር ጀመረ።

ሊነጋ ሲል ዘነበ። ከባድ አልነበረም። ከብቶቹ ከዝናቡ ሸሽተው ወደ ታችኛው የሜዳው ጫፍ፣ ዛፎቹ ወዳሉበት፣ ተጠጋግተው ቆሙ። እኔ ጥበቃ ላይ ነበርኩ፤ አየኋቸው። ሲበርዳቸው ተሰበሰቡ ብዬ አለፍኩ። ጋትሉዋክም አዩ፤ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ከብታቸው በጭቃ ላይ ነው የሚያድረው፣ ምን ይገርማቸዋል? ከብት የሚያውቀው ስለ አውሮፕላን ጎማ አያውቅም፤ አውሮፕላን የሚጠብቀው ስለ መሬት አያውቅም። ይህን መሬት የሚያውቀው አንድ ሰው ደግሞ ራሱን ስቶ ተኝቶ ነበር።

ሲነጋ ሣሩ በእርግጥም ሙልጭ ብሏል። እንደዚያ የተላጨ ሜዳ አይቼ አላውቅም። ታችኛው ጫፍ ግን ሌላ ነበር። ከብቶቹ ሲርመሰመሱበት ያነጉበት ጥቁር ዋልካ አፈር በኮቴ ተበሳስቶ እንደ ገንፎ ተቦክቷል። ከብቶቹን አወጣናቸው። መቶ አለቃው ዳር ቆሞ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ወታደር የሚያስበውን አሰበ።

«ተሰለፉ!»

በአራት ረድፍ ተሰለፍን። «እግር መምታት ይጀመራል!» አለ። ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ፣ ቡት ጫማችንን እያነሳን መሬቱን ደበደብነው። እያንዳንዷን የኮቴ ጉድጓድ ረግጠን ደፈንን። አንዱ ዘፈን አወጣ፤ ተቀበልነው። በማግስቱ የምንቀብራቸው ሁለት ጓዶች በሸራ ተጠቅልለው ከምሽጉ ጀርባ ተኝተው ነበር፣ እኛ ግን እየዘፈንን ነበር። ከመንደሩ የተረፉት ልጆች ወጥተው ያዩን ነበር፤ እነሱም ከኋላችን ተሰልፈው መርገጥ ጀመሩ። ከውጊያው ወዲህ ያን ጊዜ ነው የሳቅነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ፀሐይ ወጣች። ላዩን አደረቀችው። ሜዳው ከላይ እስከ ታች የተጠረገ ደጅ መሰለ። በሠራነው ሥራ ኮራን። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ በጣም ኮራን።

ረፋዱ ላይ የሞተር ድምፅ ሰማን። አውሮፕላኗ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞረችውና ከላይኛው ጫፍ አረፈች። ባዶዋን ስለነበረች ግማሹን ሳትጨርስ ቆመች። አብራሪው ጠጉሩ የሸበተ፣ ፈገግታ የማያጣው ሰው ነበር። ወርዶ ሜዳውን አየና ተገረመ።

«ማነው እንዲህ አድርጎ ያጨደላችሁ?»

«ከብት ነው ካፒቴን» አልኩት።

«ለእኔም አንድ ሁለት ስጡኝ፤ ከሰው የተሻሉ ሠራተኞች ናቸው።»

እስከ ሜዳው አጋማሽ በእግሩ ሄደ። በተረከዙ መሬቱን መታ መታ አደረገ፤ ደረቅ ነው። ወደ ታች ተመለከተ። «የታችኛው ጫፍስ? ሰው ጭኜ ስነሣ ያስፈልገኛል» ሲል ጠየቀ።

መቶ አለቃው «ጠዋት ሙሉ እግር መተንበታል። ድንጋይ ሆኗል» አለው።

አብራሪው ወደ ምዕራብ ቀና አለ። ደመና እየተሰበሰበ ነበር። ሰዓቱን አየና ተመለሰ። ታች ድረስ ቢሄድስ ኖሮ? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ቢሄድም የሚያየው ለጥ ያለ መሬት ነው። ኮቴዎቹን አይቶ ቢሆን ይገባው ነበር፤ እኛ ደፍነንለታል።

የሰይድን ቃሬዛ ወለሉ ላይ አስገባን። እንዳይንገላታ በቀበቶ ደረቱንና እግሩን አሰርነው። ጽጌ ቀበቶውን ሞክራ «ላላ ብሏል፣ ጠበቅ አድርጉት» አለች፤ ጠበቅ አደረግነው። ኡጁሉን አስቀመጥነው። አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። «እኔ ይሄ ነገር አልወድም» አለ፣ ጭኑን ረስቶ ጣራውን እያየ። «በእግር ይሻላል።» ሁላችንም ሳቅንበት።

ለሕክምና አብረን ልንልካት ያመጣናት ኛዳክ አልሳፈርም አለች። ቁስሏ መመርቀዝ ጀምሯል፤ ግን ዓይኗን ዘራፊዎቹ ከሄዱበት መንገድ ላይ አትነቅልም። ልጇ ቢመለስስ? ጋትሉዋክ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው በኑዌርኛ በቀስታ አነጋገሯት። ኡጁሉ ከመቀመጫው ሆኖ ተረጎመልን። «‹ልጅ ሲመጣ አንቺ ከሞትሽ ማን ያጠባል?› አላት» አለ። እሱን ስትሰማ ተነሣች። ሽማግሌው ራሳቸው ደግፈው አሳፈሯት። ጽጌ የሰይድን ግሉኮስ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል ብላ አብራ ገባች። ምንም ያልነካት፣ ጤነኛ ሴት ነበረች።

በሩ ሳይዘጋ ሰይድ ነቃ። ዓይኑ ጠርቷል። እኔን ፈለገኝ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ጋጡት?»

«ሙልጭ አድርገው።»

«አላልኳችሁም!» አለ። ደስ አለው። ከዚያ አፍንጫውን ነፋ አደረገና ግንባሩን ቋጠረ። «ሌሊት ዘነበ እንዴ?»

«ትንሽ ዘንቧል» አልኩት።

ሞተሩ ተነሣ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የሚለውን አልሰማሁም። ጽጌ በሩን ሳበችው።

አውሮፕላኗ ከላይኛው ጫፍ ተንደረደረች። በእኛ ፊት አለፈች። እጃችንን አውለበለብን። አጋማሹን አለፈች። የፊት ጎማዋ ከመሬት ለቀቀ፤ የኋላዎቹም ሊለቁ ሆኑ። ከዚያ እኛ የረገጥነው መሬት ላይ ገባች። ግራ ጎማዋ ጠለቀ። የደረቀው ላዩ እንደ ቅርፊት ተሰብሮ ከሥሩ ያለው ጭቃ ያዛት። ዞረች። ክንፏ ኩይሳ መታ። ተገለበጠች። ድምፁ በኋላ ነው የደረሰን። ወዲያው እሳት ተነሣ።

ሮጥን። በውጊያውም እንደዚያ አልሮጥንም። እዚያው እኛ የደበደብነው መሬት እግራችንን ይይዘን ነበር። ከውስጥ ጽጌ ትጮኻለች። ያቺ ሳትጮህ የምታዝዝ ሴት ትጮኻለች። ሁላችንም ወደ ድምፅዋ ሄድን። ኡጁሉን በመስኮት ጎትተን አወጣነው፤ ጽጌን መድረስ አልቻልንም። እጄን እሳቱ መለሰው። ጩኸቷ ቆመ። አብራሪው ከመጀመሪያውም ድምፅ አላሰማም። ኛዳክም አላሰማችም።

ስንሮጥ በሣሩ ዳር የተጣለ ቃሬዛ አልፈን ነበር። በሩ ሲገነጠል ሰይድ ከነቃሬዛው ወጥቶ በግንባሩ ተደፍቷል። ሆዱን የተመታ ሰው ከዚያ ላይ ተወርውሮ ወድቆ ምን ይተርፋል ብለን ነው ያለፍነው። ደግሞ ጽጌ ትጮህ ነበር። ስንመለስ ገለበጥነው። ገላው ትኩስ ነበር። የቁስሉ ማሰሪያ እንኳ አልተፈታም። ፊቱ ያረፈው ውኃ በቋጠረ የከብት ኮቴ ውስጥ ነበር፤ ከዳር የቀረች፣ ጫማችን ያልደረሰባት ኮቴ። አፍና አፍንጫው በጭቃ ተሞልቷል። እጁን አንቀሳቅሶ ራሱን እንዳያዞር ቀበቶው ይዞታል። ጥይት አልገደለውም፤ እሳት አልነካውም።

ምሽቱን ጋትሉዋክ አንድ ትልቅ በሬ እየጎተቱ መጡ። ለከብታቸው ደሙን ላፈሰሰ ሰው ክብር ነው። የልጃቸው ሚስት እዚያ ጭሱ ውስጥ ናት፤ እሳቸው ግን ባህላቸውን አላጓደሉም። በሬው ታረደ። እኛ ለሳምንታት ከኮቾሮ ብስኩትና ከሩዝ በቀር ጥርሳችን ላይ ያረፈ ነገር አልነበረም። አንበላም ብለን ተቀመጥን። ሥጋው መጠበስ ሲጀምር ሽታው መጣ። በላን። ጣፈጠን። ስለ ጦር ሜዳ ከማንም ያልሰማችሁት ነገር ካለ ይኸው ነው።

ጓዶቻችንን ሰይድንም ጨምሮ በማግስቱ ጠዋት ከሜዳው ራቅ ብሎ ካለው ደረቅ መሬት ላይ ቀበርን። ሰይድን በሃይማኖቱ ሥርዓት ቀበርነው፤ ከመሀላችን ያሉ ሁለት ሙስሊሞች ሰገዱበት።

መንገዱ ሲከፈት አባቱ በጭነት መኪና መጡ። ቀጭን፣ እጃቸውን የማረሻ እርፍ ያጎበጠው ገበሬ ናቸው። መርዶውን አቦቦ ነው የሰሙት፤ አውሮፕላን ወድቆ ሞተ ነው የተባሉት። መቃብሩ ላይ ዱዓ አደረጉ። አላለቀሱም። ከዚያ «የወደቀበትን አሳዩኝ» አሉ። መቶ አለቃውና እኔ ወሰድናቸው።

ስብርባሪውን ብዙም አላዩትም። መሬቱን ነው ያዩት። ቁጢጥ አሉ። በከዘራቸው ጫፍ የደረቀውን ላዩን ተጫኑት፤ ተሰበረና ጥቁር ጭቃ ወጣ። ወደ ዳር ሄደው ያልረገጥናቸውን ኮቴዎች አገኙ። በመዳፋቸው ለኩዋቸው። ሲነሡ ፊታቸው ሌላ ነበር።

«በዚህ ዋልካ ላይ፣ በዝናብ፣ ከብት ያስገባ ማነው?»

መቶ አለቃው ጫማውን ያይ ጀመር። መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ልጅዎት ነው፣ እሱ ነው ልቀቁበት ያለን፣ እየሳቀ። እውነት ነው፤ ምስክርም አለኝ። ግን እንዴት ተደርጎ ይባላል? ሌሊት ከብቶቹን አይቼ ያለፍኩትስ ማን ሆነና?

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አልኩ።

«ገበሬ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«አለማወቅህ ካልቀረ ታዲያ ለምን አልጠየቅህም?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ልጄ እኮ አጠገብህ ነበር! እሱን ብትጠይቀው ይነግርህ ነበር! በአምስት ዓመቱ ያወቀውን!»

እሳቸው ፊቴን እንዳይረሱት ብለው ይመስለኛል፣ ቀረብ ብለው አዩኝ።

«እኔን በልጄ መቃብር ላይ እንዳቆምከኝ፣ አላህ በልጅህ መቃብር ላይ ያቁምህ።»

በዚያን ጊዜ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። ለማንም አልነገርኩም ነበር፤ ሰይድ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሽማግሌው መኪናው ላይ ወጥተው ሄዱ። መቶ አለቃው ትከሻዬን ያዘኝ፤ እጁን አወረድኩት።

ሙታኑን ልቁጠርላችሁ። በወንዙ ዳር፣ ፊት ለፊት በተኩስ፣ ሁለት ሞተውብናል። በሜዳው ላይ፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስ፣ አራት፦ አብራሪው፣ ጽጌ፣ ኛዳክ፣ ሰይድ። ኡጁሉ እግሩን አጥቶ ተርፏል። የመንደሩን ሙታን እኛ አልቆጠርንም፤ የተወሰዱትን ሕፃናት የቆጠረ መኖሩን አላውቅም። ከብቶቹ ግን አንድም ሳይጎድል ተመልሰዋል።

ጦርነት ጀግና ያወጣል ይላሉ። ያወጣ ይሆናል፣ እኔ አላየሁም። እኔ ያየሁት ሁሉም የሚችለውን ደግ ነገር ሲያደርግ ነው፤ ሰይድ ዘዴውን ሰጠ፣ ጋትሉዋክ ከብታቸውን፣ መቶ አለቃው ሰልፉን፣ እኛ ጫማችንን። አንዱ ቢለግም ኖሮ ዛሬ በሕይወት የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ይህን አስቤ የምደርስበት ትምህርት የለም፤ ተምሬበታለሁ ብዬ አላታልላችሁም።

የሰይድ አባት ባለፈው ዓመት ማረፋቸውን ሰማሁ። ዛሬ የማወራችሁም ስለዚህ ነው፤ አሁን የሚጎዳው ሰው የለም። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ደግ ሆኜ ዝም ያልኩ እንዳይመስላችሁ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ወንድ ልጅ ነው የተወለደልኝ። አራት ዓመት ሊሞላው ሲል ክፉ ወባ ያዘው፤ መቱ ሆስፒታል አስተኛነው፤ ሐኪሞቹ ዓይናቸውን ከእኔ ማሸሽ ጀመሩ። ያን ጊዜ ከልጄ አልጋ ተነሥቼ መናኸሪያ ሄድኩና የጋምቤላ ትኬት ቆረጥኩ። አቦቦ ወርጄ፣ ሽማግሌውን ከእርሻቸው ላይ ጠርቼ፣ ከብቱን ልቀቁበት ያለን ልጅህ ነው፣ የረገምከው የገዛ ልጅህን ነው፣ ከልጄ ላይ አንሣልኝ ልላቸው። አውቶቡሱ የሚነሣው በማግስቱ ነበር። በማግስቱ የልጄ ትኩሳት ወረደ። እኔም ሳልሄድ ቀረሁ።